አሮጌው የናፍታ መኪናና የነዳጁ ነገር



በዳባት፣ በደባርቅና ከስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት ቀበሌዎች ለሚካሄደው ሥራ ከሚወጣው ገንዘብ ብዙውን ከሚበሉት ነገሮች አንዱ ናፍታ ነው። ዘር ለማድረስ፣ የውሃ ቧንቧ ለማጓጓዝ፣ የታመመ ሰው ወደ ጎንደር ለማውረድ መኪና ያስፈልጋል። መኪናውም አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አይደለም። በአገልግሎት ላይ የምናገኘው ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠራ፣ ቱርቦ የሌለው የናፍታ ላንድክሩዘር ወይም የእርሱ ብጤ ነው።

አገራችን የተጣራ ነዳጅ የምታገኘው ከውጭ ነው፤ ዋናው መግቢያም የጅቡቲ ወደብ ነው። ከዚያ በቦቴ ተጭኖ፣ በረሃውንና ዳገቱን አልፎ ነው ደባርቅ የሚደርሰው። ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ሲያነሣ የናፍታ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። እንግዲህ የነዳጅ አጠቃቀም የሹፌሩና የመካኒኩ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም። ስጦታውን የሚሰጠው ጉባኤም፣ ስጦታውን በአደራ የሚያወጣው ሠራተኛም ሊያውቁት የሚገባ ነገር ነው።

አንድ ስሌት እናስቀድም። በወር 2,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሊትር 7 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ወደ 286 ሊትር ይፈጃል። ያው መኪና በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 250 ሊትር ይበቃዋል። ልዩነቱ በወር 36 ሊትር ነው። በ36 ሊትር ከደባርቅ ጎንደር ደርሶ መመለስ ይቻላል፤ ከዚያም ይተርፋል። ይህን አንድ ኪሎ ሜትር ለማትረፍ አዲስ መኪና መግዛት አያስፈልግም። መኪናው ናፍታውን እንዴት እንደሚጠቀምበት ማወቅና ጥቂት ልማዶችን መለወጥ ይበቃል።

1. ናፍታ በሞተሩ ውስጥ ምን ይሆናል?

የናፍታ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በእሳት ብልጭታ አይሠራም። ፒስተኑ አየሩን ብቻ ይስብና ከ20 ጊዜ በላይ ጠቅጥቆ ያሳንሰዋል። እንዲህ የተጠቀጠቀ አየር እጅግ ይግላል። በዚያ ቅጽበት ፖምፓው ናፍታውን በኖዝሉ በኩል እንደ ጉም አድርጎ ይረጨዋል፤ ናፍታውም በአየሩ ሙቀት ብቻ ይቀጣጠላል። ይህን ሞተር የፈለሰፈው ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል ነበር። በ1897 እ.ኤ.አ. በኦግስበርግ ከተማ የተፈተነው ሞተሩ ከነዳጁ ኃይል አንድ አራተኛ ያህሉን ወደ ሥራ ለወጠ፤ በዘመኑ ከነበሩት የእንፋሎት ሞተሮች እጅግ የላቀ ነበር።

የእኛ አሮጌ መኪናም ቢሆን በደህና ጊዜው ከነዳጁ ኃይል አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም ወደ ጎማው የሚያደርሰው። የቀረው በማርሚታውና በራዲያተሩ በኩል ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። ይህን መለወጥ አንችልም። ልንለውጠው የምንችለው ከዚህ በላይ የሚባክነውን ነው፤ እርሱም ሳይቃጠል በጭስ የሚወጣው፣ በፍሬን የሚበላው፣ በለዘበ ጎማ የሚጠፋውና ባልተፈለገ ጉዞ የሚያልቀው ነው።

2. የደጋው አየርና ጥቁሩ ጭስ

ናፍታ እንዲቃጠል አየር ያስፈልገዋል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ጠረፍ ከሚስበው አየር ሦስት አራተኛ ያህሉን ብቻ ያገኛል። ወደ ብሔራዊ ፓርኩ ገብተን ሳንቃበርን አልፈን 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ወደ ጨነቅ ስንወጣ ደግሞ ሰባት አስረኛ ያህል ይቀረዋል።

አየሩ ሲያንስ ፖምፓው ግን አያውቅም። ሹፌሩ የነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ሲረግጠው በቆላ የሚሰጠውን ያህል ናፍታ ይሰጣል። ለዚያ ሁሉ ናፍታ የሚበቃ አየር ስለሌለ የተረፈው ግማሽ ተቃጥሎ በጥቁር ጭስ ይወጣል። እንግዲህ ከመኪናው ኋላ የሚታየው ጥቁር ጭስ የኃይል ምልክት አይደለም። በገንዘብ የተገዛ ናፍታ ሜዳ ላይ ሲደፋ ማለት ነው።

ሹፌሩ ይህን ያለ አንዳች መሣሪያ ሊያስተካክለው ይችላል። በዳገት ላይ ጭሱ ሲጠቁር እግሩን ከነዳጅ መስጫው ጥቂት ያንሣ፤ ጭሱ እስኪሳሳ ድረስ። መኪናው ብዙም አይደክምም፤ የተቀነሰው ናፍታ ቀድሞውንም ሥራ አይሠራም ነበርና። ሞተሩ ማቃሰት ከመጀመሩ አስቀድሞም ወደ ዝቅተኛው ማርሽ ይቀይር።

መኪናው ዘወትር በደጋ የሚሠራ ከሆነና በእርጋታ ሲነዳም ከጠቆረ፣ የፖምፓው ከፍተኛ ልክ ለቦታው እንዲስተካከል ማድረግ ይቻላል። አንዳንድ ፖምፓዎች ከፍታውን ራሳቸው እየለዩ ናፍታውን የሚቀንስ ዕቃ አላቸው፤ እርሱም መሥራቱን ማስመርመር ያስፈልጋል። ነገር ግን ይህ በመለኪያ መሣሪያ የሚሠራ የባለሙያ ሥራ ነው። «ጉልበት እንዲጨምር» እየተባለ ብሎኑን በጆሮ ብቻ ማዞር ናፍታን ከማባከኑም በላይ ፒስተኑን እስከ ማቅለጥ ሊያደርስ ይችላል።

የጭሱን ቀለም መለየት ለሁላችንም ይጠቅማል። ጥቁር ጭስ ናፍታው መብዛቱን ወይም አየሩ ማነሱን ያሳያል። ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ናፍታው ሳይቃጠል እየወጣ ነው፤ የኖዝል፣ የፖምፓ አገጣጠም ወይም የሞተር መላላት ሊሆን ይችላል። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጭስ የሞተሩ ዘይት መቃጠሉን ይነግረናል።

3. ያልተለካ ነገር አይሻሻልም

«መኪናው ነዳጅ ይበላል» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይጠቅመንም። ስንት ይበላል? አለካኩ ቀላል ነው። የነዳጅ ጋኑን አፉ ድረስ መሙላትና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር መጻፍ። ከዚያ እንደ ልማዱ መሥራት። እንደገና አፉ ድረስ ሲሞላ የተቀዳውን ሊትርና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር መጻፍ። የተሄደውን ኪሎ ሜትር ለሊትሩ ማካፈል። ለምሳሌ 640 ኪሎ ሜትር ተሂዶ 80 ሊትር ከገባ፣ መኪናው በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ሄዷል ማለት ነው።

በአካባቢያችን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጎንደር ከደባርቅ ወደ 700 ሜትር ዝቅ ትላለች። ከነጭነቱ 3,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና 700 ሜትር ከፍ ለማለት ብቻ ወደ 2 ሊትር ናፍታ ይፈጃል፤ ይህም ለርቀቱ ከሚፈጀው በላይ ነው። ስለዚህ በመውጣት ብቻ የተለካ ሹፌር ያለ ጥፋቱ አባካኝ ይመስላል፤ በመውረድ ብቻ የተለካውም ያለ ድካሙ ይመሰገናል። ልኬቱ ሁልጊዜ ደርሶ መልስ ይሁን።

ለመዝገቡ ባለ አምስት ዓምድ ደብተር ይበቃል፤ ቀን፣ የኪሎ ሜትር ቁጥር፣ የተቀዳ ሊትር፣ የተሄደበት መንገድ፣ የተጫነው ጭነት። አንድ ጊዜ የተገኘ ቁጥር ብዙ አይናገርም። ሦስትና አራት ተከታታይ ሙሌቶች ግን እውነቱን ይገልጣሉ። ከወር ወር ሲሠራ የነበረው 8 ወደ 7 ከወረደ፣ መዝገቡ ሞተሩ ከመታመሙ በፊት አስቀድሞ ነግሮናል። ይህ መዝገብ ሹፌሩን ለመወንጀል መያዝ የለበትም። መጠርጠሪያ ከሆነ ቁጥሩ ይበረዛል፤ ከተበረዘም ጥቅም የለውም።

4. የሊማሊሞ ቁልቁለትና የፎሌ ነገር

ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ፣ ይህ ክፍል እንዳይረሳ እንለምናለን።

ከደባርቅ በስተ ሰሜን የሊማሊሞ ገደል አለ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የቀደዱት መንገድ በዚያ ገደል ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። እንዲህ ባለው መንገድ ላይ ናፍታ ለመቆጠብ ሲባል ማርሹን ፎሌ አድርጎ፣ አልፎ ተርፎም ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ከብዙ ሹፌሮች የሚሰማ ልማድ ነው። ይህ ልማድ የቆመው በስሕተት እምነት ላይ ነው።

ምክንያቱን እንመልከት። መኪናው በማርሽ ሆኖ ሲወርድና ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ፈጽሞ ሲያነሣ፣ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። በዚህ ጊዜ በፖምፓው ውስጥ ያለው ተቆጣጣሪ ሞተሩ ከሚፈለገው በላይ መዞሩን ያይና ናፍታውን ይዘጋዋል። የሚቃጠል ናፍታ የለም። በፎሌ ሲወርድ ግን ሞተሩ ከጎማዎቹ ተለይቷል፤ እንዳይጠፋ ናፍታ እየተሰጠው መዞር አለበት። እንግዲህ በቁልቁለት የበለጠ ናፍታ የሚፈጀው ፎሌ ነው፤ ማርሽ ውስጥ ያለው መኪና አይደለም።

የሚከፈለው ዋጋ ግን ናፍታ ብቻ አይደለም። 3,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል አንድ ሊትር ናፍታ ሲቃጠል ከሚሰጠው ሙቀት አራት አምስተኛ ያህል ይሆናል። መኪናው ማርሽ ውስጥ ካለ የዚህን ኃይል ትልቁን ድርሻ ሞተሩ ይሸከመዋል። በፎሌ ከሆነ ከሞላ ጎደል ሁሉም በፍሬኑ ሸራና ታምቡር ላይ ይወርዳል። ፍሬኑ ይግላል፤ ከልኩ በላይ ሲግል መያዝ ያቅተዋል፤ የፍሬን ዘይቱም ሊፈላ ይችላል። ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ ፍሬኑንና መሪውን የሚያግዘው ኃይል አብሮ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የቀረው ገደሉ ነው።

ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው። ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ። ማርሹንም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት መያዝ። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ረግጦ ከመያዝ ይልቅ ጠበቅ አድርጎ ይዞ መልቀቅ። በዚህ መንገድ የሚወርድ ሹፌር ናፍታም ይቆጥባል፤ የጫናቸውን ሰዎችም በደህና ያደርሳል። ሹፌሩ በዝግታ ሲወርድ «ምነው ተጎተትክ» የሚል ተሳፋሪ በመካከላችን አይገኝ።

5. በግቢያችን ልናያቸው የምንችላቸው

ሀ. ጎማ፦ የለዘበ ጎማ መኪናውን ጭቃ ውስጥ እንደሚሄድ ያደርገዋል። ንፋሱ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ በመለኪያ ይለካ። በእግር መምታት መለካት አይደለም። ለኮረኮንች መንገድ ተብሎ የተቀነሰ ንፋስ አስፋልት ላይ ሲወጣ ይመለስ።

ለ. የአየር ማጣሪያ፦ መካኒኮቻችን ዲፕራተር የሚሉት ማለት ነው። በበጋ በወገራ ሜዳና ወደ ፓርኩ በሚያስገባው መንገድ ያለው አቧራ በጥቂት ቀን ይደፍነዋል። አየር ቀድሞውንም በሳሳበት አገር ማጣሪያው ሲደፈን ጭሱ እጥፍ ይሆናል። ወረቀቱን ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ በንፋስ ማጽዳት ይቻላል፤ በናፍታ ወይም በቤንዚን ማጠብ ግን ያበላሸዋል። የተቀደደ ማጣሪያ ከተደፈነው የባሰ ነው፤ አቧራው ገብቶ ሲሊንደሩን ይፍቀዋል።

ሐ. ቴርሞስታት፦ ሞተር ሲግል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ መፍትሔ ሆኗል። በቆላ እንኳ ትክክል አይደለም፤ እንደ ደባርቅ ባለ ብርድ አገር ደግሞ ሞተሩ መቼም ልኩን እንዳይሞቅ ያደርገዋል። ቀዝቃዛ ሞተር ብዙ ናፍታ ይፈጃል፤ ቶሎም ያልቃል። የራዲያተሩ ችግር በራዲያተሩ ይፈታ።

መ. የሚይዝ ፍሬን፦ ከመንገድ ሲገባ እጅን ወደ ቸርኬው ጠጋ አድርጎ ማየት ነው፤ ሳይነኩ። አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ ከጋለ ፍሬኑ አልለቀቀም፤ ወይም ኩሽኔታው ታሟል። መኪናው ቀኑን ሙሉ ፍሬን ይዞ ሲሄድ ነበር ማለት ነው።

ሠ. የፊት ጎማ ኃይል፦ ፎር ዊል ለጭቃና ለአሸዋ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ መጠቀሙ ናፍታ ከመጨመሩም በላይ ዲፍረንሻሉን ይጎዳል።

ረ. ፖርቶ መጋላ፦ ባዶ ጀሪካን፣ አሮጌ ጎማና ገመድ ሁልጊዜ ጣራ ላይ ተጭኖ አይኑር። ሳይፈለግ የሚዞር 200 ኪሎ ዕቃ የ3,000 ኪሎውን መኪና በአንድ አሥራ አምስተኛ ያከብደዋል፤ በዳገት የሚከፈለውም በዚያው ልክ ያድጋል። ጣራ ላይ ያለው ደግሞ ነፋስ ይገፋል። የነፋስ ግፊት ከፍጥነት ጋር በእጥፍ ብቻ አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ በሚወስደው አስፋልት ላይ ረጋ ብሎ መንዳት የሚያተርፈው ለዚህ ነው።

ሰ. የጠዋት ማሞቅ፦ በብርዱ ማለዳ ማሞቂያው ሥራውን እስኪጨርስ ታግሶ ማስነሣት ይገባል። ከተነሣ በኋላ ግን ግማሽ ሰዓት ቆሞ ማንኳኳት አያስፈልግም። ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ በዝግታ መነሣት ይበቃል፤ ሞተር ቆሞ ከሚሞቀው ይልቅ እየሄደ ቶሎ ይሞቃል። በስብሰባ ደጃፍ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚጠብቅ መኪናም ለማንም አይጠቅምም።

ሸ. የሚንጠባጠብ ናፍታ፦ በሰከንድ አንድ ጠብታ ምንም አይመስልም። በቀንና በሌሊት ግን ቀላል የማይባል ናፍታ ይሆናል። ከሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፎ ማደር ጠብታውን ይገልጠዋል።

6. ንጹሕ ናፍታ

ማደያው ናፍታ ሲያጣ ከየመንገዱ በጀሪካን መግዛት ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ናፍታው ግን ውሃ፣ አቧራ ወይም ላምባ ሊቀላቀልበት ይችላል። ብዙዎቹ ፖምፓዎች የሚለሰልሱት በራሱ በናፍታው ነው፤ ላምባ የበዛበት ናፍታ ስስ ስለሆነ ፖምፓውን ይበላዋል። ውሃም ፖምፓውንና የኖዝሉን ጫፍ ያዝጋል። እንዲህ በሊትር ጥቂት ብር ተርፎ የፖምፓ ዋጋ ይከፈላል።

በጀሪካን የመጣ ናፍታ አድሮ እንዲዘቅጥ ይተው፤ ከላይ ያለው ብቻ በንጹሕ ጨርቅ ተጣርቶ ይቀዳ፤ የታችኛው አይጨመር። የናፍታ ማጣሪያው ሥር ያለው የውሃ ማውጫ በየሳምንቱ ይከፈት። ማጣሪያውም በጊዜው ይለወጥ። ሲመሽ ጋኑን ሞልቶ ማሳደርም ይረዳል፤ ባዶ ጋን ውስጥ ያለው አየር በሌሊቱ ብርድ ጤዛ ሆኖ ናፍታው ውስጥ ይወርዳልና።

7. የጉባኤው ድርሻ

ከሁሉ የሚበልጠው ቁጠባ ያልተሄደ ጉዞ ነው። የትኛውም ማስተካከያ አንድን አላስፈላጊ ጉዞ የመቅረት ያህል ናፍታ አያተርፍም። ይህ ደግሞ በሹፌሩ እጅ ያለ ነገር አይደለም፤ መኪናውን በምንጠራው በእኛ እጅ ነው።

ሰኞ ለአንድ ደብዳቤ፣ ማክሰኞ ለአንድ ከረጢት፣ ረቡዕ ለአንድ ሰው ወደ ዳባት የሚወጣ መኪና ሦስት ጉዞ ይሄዳል። ጉዳዩ በአንድ ቀን ቢሰበሰብ አንድ ጉዞ ይበቃል። ስለዚህ የሳምንቱ ጉዞ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ጉባኤዎችም የሚላክ ዕቃቸውን በዚያው ቀን ያዘጋጁ። ሹፌሩ በቀጠሮው ሰዓት ሲደርስ ጭነቱ ተዘጋጅቶ ይቆየው። ያረፈደ ሰው ሹፌሩን በሌሊትና በፍጥነት እንዲነዳ ያስገድደዋልና። መኪና ከማይደርስበት ወይም እየተንፏቀቀ ከሚደርስበት ቀበሌ ደግሞ የአገሬው በቅሎ ዛሬም ያልተተካ ነው። የመጨረሻውን ዳገት በበቅሎ ማስጫን ለመኪናውም ለገንዘቡም ይበጃል፤ ለባለበቅሎውም የቀን ገቢ ይሆነዋል።

አስቸኳይ በሽተኛ ሲመጣ ግን ስሌቱ ይቆማል። በሌላው ቀን ሁሉ የምንቆጥበው እኮ በዚያች ሌሊት ጋኑ ባዶ እንዳይሆን ነው።

በየፕሮጀክቱ ያላችሁ ሠራተኞች በዚህ ወር ከሁለት ነገሮች ብትጀምሩ መልካም ነው፤ ደብተሩን መክፈትና ፎሌን መተው። አንዱ ብክነቱን ያሳያችኋል፤ ሌላው ከሊማሊሞ ገደል በደህና ይመልሳችኋል። የቀሩት አንድ በአንድ ይከተላሉ።